ትከሻዋን ብርድ አልመታትም፤ ተቆልፎባታል

አንዲት የሃምሳ ሁለት ዓመት እናት ትታሰብ። ስሟ የማንም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ልትሳለም ተነስታ ነጠላዋን ስታጣፋ ቀኝ ክንዷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ፀጉሯን ለመጎንጎን ልጇን ትጠራለች። የጡት መያዣዋን ከኋላ መቆለፍ ካቆመች ሰንብታለች። ሊጡን ምጣድ ላይ ስታዞር ክንዷ ስለማይዘረጋላት በወገቧ ትዞራለች። የበርበሬው ዕቃ ያለበት መደርደሪያ ከሦስት ወር በፊት በእጇ ነበር፤ ዛሬ ልጇ ካልመጣ አይወርድም። ከሁሉ የከፋው ሌሊቱ ነው፤ በቀኝ ጎኗ በተገለበጠች ቁጥር ሕመሙ ቀስቅሶ ያስቀምጣታል።

ጎረቤት «ብርድ ነው» አለች። ትከሻዋ በቅቤ ታሸ፣ በሞቀ ጨው ተተኮሰ፣ ዋግምት ተደረገላት። ፋርማሲው «ብርድ ነው» ብሎ ማስታገሻ ሸጠላት። ጤና ጣቢያ የተቀመጠው ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እማማ፣ ብርድ ነው፤ ዕድሜም አለ፤ ሙቅ ይልበሱ» አላትና ዲክሎፌናክ በመርፌ አዘዘላት። መርፌው ሁለት ቀን አስታገሳት፤ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ። ወጌሻ ተጠራ፤ ሁለት ሰው ይዟት ክንዷ ተጎተተ፤ ጩኸቷን ሰፈሩ ሰማ። ዘመድ አዋጥቶ ኤምአርአይ አስነሳት። ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሄዳ አንዲት ነርስ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ስትለካ የወጣው ቁጥር ሁሉንም አስደነገጠ።

ይህች ሴት ለምሳሌ የተሳለች ናት፤ የሄደችበት መንገድ ግን ፈጠራ አይደለም። ትከሻቸው የተቆለፈባቸው ብዙ ሰዎች ቢያንስ ግማሹን ሄደውበታል። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በስምንት ወር ውስጥ ያሻት፣ የወጋት፣ የጎተታትና ያስነሳት እጅ ብዙ ነው። ክንዷን ይዞ «እስቲ እኔ ላንቀሳቅሰው፤ ወዴት ወዴት ነው እምቢ የሚለው?» ያለ ግን አንድም አልነበረም። በሽታውን የሚለየው ደግሞ ያ ብቻ ነበር።

«ብርድ ነው» የሚለው ቃል የበሽታ ስም አይደለም። ላለመመርመር የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የፈቃዱ ዋጋም የትከሻ ሕመም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ውስጡ ምን ሆነ?

ሐኪሞች «ፍሮዝን ሾልደር» የሚሉት ይህ ሕመም ምን እንደሆነ በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። ትከሻ በሰውነት ውስጥ ካሉት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ሰፊ እንቅስቃሴ ያለው ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ያርፋል፤ ዙሪያውን ስስና ልል ከረጢት ይሸፍነዋል። ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ እንዲሄድ የሚፈቅደው የዚህ ከረጢት ልልነት ነው፤ ሰፊ እጅጌ ያለው ቀሚስ እጅን እንደልቡ እንደሚያደርገው። በዚህ በሽታ ከረጢቱ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ይወፍራል፤ በመጨረሻም የቃጠሎ ጠባሳ ቆዳን እንደሚሰበስበው ይሰበሰባል። እጅጌው ይጠባል። አጥንቱ አልተሰበረም፤ የጠበበው ሽፋኑ ነው።

ከረጢቱ ያለው ደግሞ ከወፍራም ጡንቻ ሥር ነው። ቅቤና ቅባት ቆዳውን ያሞቃሉ፤ እስከዚያ ግን አይደርሱም። ሙቀቱ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ በዚያ ማንም አይከራከርም። ማስታገስና ማከም ግን ሁለት ናቸው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሲሞን ዱፕሌ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለዚህ ዓይነቱ የትከሻ መድረቅ ጽፏል። «የቀዘቀዘ ትከሻ» የሚለውን ስም ያወጣለት የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ነው፤ በ1934፤ እሱም ቢሆን በሽታው ለማስረዳትም ለማከምም አስቸጋሪ መሆኑን አምኗል። በ1945 ጁሊየስ ኔቪያሰር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ችግሩ የከረጢቱ መቆጣትና መኮማተር መሆኑን አሳየ። ጃፓኖች በበኩላቸው «የሃምሳ ዓመት ትከሻ» ይሉታል፤ የሚመጣበትን ዕድሜ ከስሙ ውስጥ አስገብተውታል።

እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ ይፈተናል። የኮድማን ስም ምሳሌያዊ ነው፤ በረዶ እንደያዘው ነገር አልንቀሳቀስም ማለቱን ለመግለጽ የወጣ ነው እንጂ ትከሻው በረደው ማለት አይደለም። ቃሉ ወደ አማርኛ ዞሮ «የቀዘቀዘ ትከሻ» ሲባል ግን ቀድሞም ለተሳሳተው እምነት ማኅተም ይሆንለታል። ታማሚዋ «ሐኪሙም እኮ ቀዝቅዟል አለኝ» ብላ ትመለሳለች፤ ጎረቤትም «አላልኩሽም?» ትላለች። እናም ሹራብ ይደረባል፣ መስኮት ይዘጋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይከለከላል። ስለዚህ «የተቆለፈ ትከሻ» ማለት ይሻላል። በሽታው የሚያደርገው መቆለፍ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ መክፈቻ ይፈለግለታል እንጂ ብርድ ልብስ አይደረብለትም።

ሦስት ወቅት ያለው በሽታ

የተቆለፈ ትከሻ ሦስት ወቅት አለው። መጀመሪያ የሕመሙ ወቅት ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ዘጠኝ ወር ሊቆይ ይችላል። ሌሊት የሚያሠቃየውና ሳያስቡት እጅ ሲወረወር የሚያስጮኸው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ የመቆለፉ ወቅት ይመጣል፤ ሕመሙ እየቀለለ ክንዱ ግን አልሄድም ይላል፤ ይህም ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ ቀስ በቀስ መለቀቅ ይጀምራል፤ ከግማሽ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሲደመር ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው።

በብዛት የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል። ከስብራት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከስትሮክ በኋላ ክንዱ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየበት ሰውም ይጋለጣል። የታይሮይድ እጢ ሕመም ያለባቸው ላይም ይበዛል። ከሁሉ በላይ ግን የስኳር በሽታ ያለባቸውን ይወዳል። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ከመቶ ሰው ከሁለት እስከ አምስቱን እንደሚይዝ ይገመታል፤ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከመቶ ከአስር እስከ ሃያ ነው።

የክርክሩ እምብርትም ይህ ቁጥር ነው።

ትከሻ የተናገረውን ማን ሰማ?

ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ በአፍሪካ ከስኳር በሽታ ጋር ከሚኖሩ አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መታመማቸውን አያውቁም። ስኳር እንደ ወባ አያንቀጠቅጥም። ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግር ነርቭን ለዓመታት በዝምታ ይበላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እግሩ ቆስሎ አልድን ሲል ወይም ዓይኑ ሲደክም ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጠፋው ጠፍቷል።

ትከሻ ግን ዝም አይልም። ከረጢቱ በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ለረጅም ጊዜ ከኮላጅን ጋር ሲጣበቅ ያደርቀዋል፤ የስኳር ሕመምተኞች ትከሻ የሚቆለፍበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል። የእነሱ ትከሻ ሲቆለፍም ይረዝማል፣ ለሕክምናም ያስቸግራል፣ ሁለቱንም ወገን የመያዝ ዕድሉም ከፍ ያለ ነው።

እንግዲህ አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት ያለ ግልጽ ምክንያት ክንዷ አልነሳ ብሏት ስትመጣ፣ ሰውነቷ አንድ ደብዳቤ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ደብዳቤው በሁሉም ሰው ላይ ስኳር ነው አይልም፤ የተቆለፈ ትከሻ ያላቸው ብዙ ሰዎች ስኳራቸው ደህና ነው። ነገር ግን ተከፍቶ መነበብ አለበት። ማንበቢያው ጣት ወግቶ አንድ ጠብታ ደም መውሰድ ነው፤ ወይም በላብራቶሪ የጾም ስኳር መለካት። ዋጋው ከኤምአርአይ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ደብዳቤው ሳይከፈት ዲክሎፌናክ ይወጋል። እዚህ ላይ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሳታውቀው ስኳር ያለባት ሴት ኩላሊቷ ቀድሞውኑ አደጋ ላይ ነው። ስኳሯን ማንም ሳይለካ፣ ግፊቷን ማንም ሳይጠይቅ፣ ለወራት በየሳምንቱ ማስታገሻ የምትወስድ ሴት በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ትጎዳለች። ይህ «ብርድ» ከሚባል ተረት የሚወጣ እውነተኛ ጉዳት ነው።

ሁለት ደቂቃ

«ጤና ጣቢያ መሣሪያ የለውም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ለዚህ በሽታ ግን የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁለት እጅ ነው።

ታማሚዋ ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ ታጥፋለች። መርማሪው ክርኗ ከጎኗ ሳይለቅ ግንባር ክንዷን ወደ ውጭ፣ በር እንደሚከፍት ሰው፣ ቀስ ብሎ ያዞራል። ከዚያ ጤነኛውን ክንድ በተመሳሳይ መንገድ ያዞርና ያነጻጽራል። የተቆለፈው ትከሻ እሷም ብትሞክር፣ እሱም ቢሞክር እምቢ ይላል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ክንዷን ራሷ ማንሳት አቅቷት መርማሪው ሲያነሳላት የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ከከረጢቱ ይልቅ ጅማቱ ጋ ሳይሆን አይቀርም። ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ ከክርን በታች የሚወርድና ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ አንገት ይመረመራል። ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ወይም የቀደመ የካንሰር ታሪክ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የግራ ትከሻና ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻም ቅቤም ሳይታሰብ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ተራ ራጅ ይጠቅማል፤ ስብራት፣ ከቦታው የወጣ አጥንት ወይም የተበላ መገጣጠሚያ አለመኖሩን ያረጋግጣል። የተቆለፈ ትከሻ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይታያል። እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ፤ «ራጁ ምንም የለውም» የሚለው ቃል ታማሚዋ ቤት ሲደርስ «ምንም አልሆነችም» ይሆናል። ከዚያ ሹክሹክታው ይጀመራል፦ ሥራ ጠልታ ነው፣ ልትሞላቀቅ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው። ራጅ አጥንትን ያሳያል እንጂ የጠበበ ከረጢትን አያሳይም። ኤምአርአይ ደግሞ ለአብዛኛው ታማሚ አያስፈልግም። ሁለት እጅና አንድ ራጅ የሚመልሱትን ጥያቄ ቤተሰብ ተበድሮ በውድ ማሽን እንዲያስመልስ መላክ ሕክምና ሳይሆን ኃላፊነትን ማሻገር ነው።

ሁሉን ሐኪም የሚያደርግ በሽታ

የዚህ በሽታ ትልቁ ተንኮል በብዙ ሰው ላይ ውሎ አድሮ ራሱ መለቀቁ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለሐሰት ግን ከዚህ የተመቸ ምስክር የለም። ታማሚዋ በመጀመሪያው ወር ቅቤ ታሸች፣ አልዳነችም። በአራተኛው ወር መርፌ ተወጋች፣ አልዳነችም። በአስራ ስድስተኛው ወር አንድ ሰው ቅጠል ወቅጦ አሰረላት፤ ትከሻዋ ሊለቅ የነበረው በዚያው ወር ነበርና ለቀቀ። ምስጋናው ለማን ሆነ? ለቅጠሉ። እሷም ለቀጣዩ ታማሚ «እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ዝናብ ሊዘንብ ሲል ጃንጥላ የዘረጋ ሁሉ ዝናብ አምጪ አይባልም። በዚህ በሽታ ግን በመጨረሻ የነካ እጅ ባለ መድኃኒት ይባላል።

«ራሱ ይለቃል» ብሎ መተውም ግማሽ እውነት ነው። በአሜሪካ የተሠራና በ1992 የታተመ ጥናት ታማሚዎችን በአማካይ ከሰባት ዓመት በኋላ ሲያያቸው ግማሽ ያህሉ አሁንም ቀላል ሕመም ወይም መድረቅ ወይም ሁለቱንም ነበረባቸው። አብዛኞቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ትከሻው ግን እንደ ድሮው ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም። እስኪለቅ ያለው ጊዜም ቀላል አይደለም። ሁለት ዓመት በእጇ የምትበላ ሴት፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ፀጉር የምትሠራ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት «ጠብቂ» ስትባል የቤት ኪራይ አይጠብቃትም። ሁለት ዓመት ሳይተኙ ማደርም «አይገድልም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ወጌሻው የሚያሸንፈው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ቀላሉ መንገድ ወጌሻን መስደብ ነው። ያ ግን ነገሩን አይፈታም። ወጌሻው የሚያሸንፈው ሰው ስላልተማረ አይደለም። ወጌሻው ትከሻውን ይነካል። «የት ላይ ነው እናቴ? መቼ ጀመረሽ?» ይላል። ጊዜ ይሰጣል፤ የሆነውን በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል። ጤና ጣቢያው የነፈጋትን ነገር ሁሉ ሰጥቷታል፤ ከትክክለኛው መልስ በቀር። የባለሙያው እጅ ከጠረጴዛው ባይርቅ ኖሮ ብዙዎች የወጌሻን ደጅ ባልጠኑ ነበር።

ይህ ከተባለ በኋላ እውነቱ መነገር አለበት፦ የተቆለፈን ትከሻ በጉልበት መጎተት አደገኛ ነው። ሐኪሞችም ይህን ያደርጋሉ፤ ነገር ግን ታማሚው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ላልቶ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። በዚያም ሁኔታ ቢሆን የክንድ አጥንት ሊሰበር፣ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ያለ ማደንዘዣ፣ በፍርሃት የተወጠረች፣ ዕድሜዋ አጥንቷን ያሳሳው ሴት ላይ በሁለት ሰው ጉልበት መጎተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመገመት ሐኪም መሆን አያሻም። ወጌሻው ልምድ አለው፤ ራጅ ግን የለውም። ያልታየ ስብራት ወይም በዕጢ የተበላ አጥንት ቢሆንስ?

ከዚህ በተቃራኒ ክንዱን በሻርፕ አንግቶ ወራት ማስቀመጥም ስህተት ነው። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይበልጥ ይደርቃል።

ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ሕክምናው እንደ ወቅቱ ይለያያል። በመጀመሪያው፣ ሕመሙ በሚያይልበት ወቅት፣ ዓላማው ሕመሙን ማስታገስ ነው። በዚህ ጊዜ ጥሩ ማስረጃ ያለው ሕክምና በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ መቀመጫ ላይ ሳይሆን ትከሻው ውስጥ፣ በሠለጠነ እጅ። ቶሎ ሲሰጥ ለሳምንታትና ለጥቂት ወራት ሕመሙን በእጅጉ ያቀልላል፤ እንቅስቃሴ ለመጀመርም መስኮት ይከፍታል። ስኳር ያለበት ሰው ግን ከመርፌው በኋላ ለቀናት ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል መለካት አለበት። ስኳሯ ያልተለካ ሴት ላይ ስቴሮይድ መውጋት ጨለማ ውስጥ መኪና መንዳት ነው። የስኳር ምርመራው መቅደም ያለበት ለዚህም ነው።

ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ እሱም ልክ አለው። በኔዘርላንድስ የተሠራና በ2004 የታተመ ጥናት 77 ታማሚዎችን አነጻጽሯል። አንዱ ቡድን ሕመሙን ጥሶ የሚሄድ ጠንካራ ፊዚዮቴራፒ ወሰደ፤ ሌላው ሕመሙ በፈቀደው መጠን ብቻ እንዲንቀሳቀስ እየተመከረና እየታየ ቆየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከገርነቱ ቡድን 89 በመቶው ወደ ጤነኛ የተጠጋ ትከሻ ነበራቸው፤ ከጠንካራው ቡድን 63 በመቶው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው፦ በተቆጣ ከረጢት ላይ ጉልበት አይሠራም። «ካላመመሽ አይድንም» የሚል ፊዚዮቴራፒስት ከወጌሻው የሚለየው በጋውኑ ብቻ ነው።

እንቅስቃሴዎቹም ውድ ዕቃ አይጠይቁም። ጎንበስ ብሎ የታመመውን ክንድ እንደ ፔንዱለም ቀስ ብሎ ማወዛወዝ፤ ግድግዳ ላይ ጣትን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ማራመድ፤ በጀርባ ተኝቶ መቋሚያ ወይም መጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ በጤነኛው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ መግፋት፤ ሕመሙ ከቀለለ በኋላ ደግሞ ነጠላን ከጀርባ በኩል ይዞ እንደ ፎጣ ወደ ላይ መሳብ። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ በጥቂቱ፣ ሕመሙ እስከፈቀደበት ድረስ። ይህን አንድ ጊዜ አሳይቶ በየወሩ «እስኪ የት ደረሰ?» የሚል ሰው ካለ ብዙው ሥራ ተሠራ።

ለወራት ታክመው ያልተሻላቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ አላቸው፤ በማደንዘዣ ሥር ማላቀቅ ወይም በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ከረጢቱን መቁረጥ። በብሪታንያ በ503 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2020 ዘ ላንሴት ላይ የታተመ ትልቅ ጥናት እነዚህን ሁለቱን ከስቴሮይድ መርፌ ጋር ከሚሰጥ የተደራጀ ፊዚዮቴራፒ ጋር አነጻጸረ። ከአንድ ዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው ጎልቶ የሚታይ ብልጫ አልነበረውም። ይህ ውጤት ለሀብታም አገር ጥሩ ዜና ከሆነ ለእኛ እጥፍ ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል በሌለበት ወረዳ መርፌ፣ ምክርና የሠለጠነ እጅ ማዳረስ ይቻላልና።

«ይህ ሁሉ ለትከሻ?»

የሚመጣው ተቃውሞ ይታወቃል። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ወባና ኮሌራ ባለበት፣ ጦርነት ጤና ተቋማትን ባፈረሰበት አገር ትከሻ ምኑ ነው? አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በቀን የሚታየው ሰው ብዛትስ? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ባለሙያዎቹ ላይ ያለው ጫናም እውነት ነው። የደመወዛቸው ነገር ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ነገር ግን ስሌቱ ይሠራ። «ብርድ ነው» የተባለችው ሴት ጫናውን አልቀነሰችም። ስድስት ጊዜ ተመልሳለች። ስድስት ጊዜ ካርድ አውጥታለች፣ ስድስት ጊዜ ወረፋ ይዛለች፣ መርፌና ክኒን ወስዳለች፣ ከዚያም ኩላሊቷ ወይም ዓይኗ ሲታመም ለዘለዓለም ታካሚ ሆናለች። ሁለት ደቂቃ የምርመራ፣ አንድ ደቂቃ የስኳር ልኬት፣ አምስት ደቂቃ የምክር ጊዜ ይህን ሁሉ ባሳጠረ ነበር። ጊዜ የለም የሚለው ሥርዓት ጊዜውን የሚያጠፋው እንዲህ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ በግልጽ መነገር ያለበት። ይህ በሽታ የሚያጠቃው በብዛት በሃምሳዎቹ ያለችን ሴት ነው፤ የሴት ሕመም ደግሞ በዚህ አገር ከሁሉ በኋላ ይታመናል። አንድ የሃምሳ ዓመት ኳስ ተጫዋች የነበረ ሰው ትከሻው ቢቆለፍ «ጉዳት ነው» ይባላል። እናት ሲሆን «ዕድሜ ነው» ይባላል። ዕድሜ በሽታ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመትም ለመታመም በቂ ምክንያት አይደለም። ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ትከሻዎቿ እኩል ባረጁ ነበር፤ አንደኛው ለምን ደህና ሆነ?

ጥቂት ነገር ብቻ

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ያለ አደጋ ትከሻው የደረቀበት ማንኛውም አዋቂ ስኳሩ ሳይለካ ከጤና ተቋም እንዳይወጣ። ክንዱ በባለሙያ እጅ ሳይንቀሳቀስና ከሌላው ጋር ሳይነጻጸር ማስታገሻ እንዳይጻፍለት። ጨጓራው፣ ግፊቱና ኩላሊቱ ሳይጠየቅ ዲክሎፌናክ እንዳይደጋገምለት። ፋርማሲዎች ለሦስተኛ ጊዜ ማስታገሻ ለሚገዛ ሰው ከመሸጥ በፊት «ተመርምረዋል?» እንዲሉ። እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የሚያሠለጥኗቸው ፊዚዮቴራፒስቶች የትልልቅ ሆስፒታሎች ጌጥ ሆነው እንዳይቀሩ፤ በየወረዳው የሥራ መደብ እንዲኖራቸው። ወጌሻውም እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ጎረቤት ተጠርቶ አንድ ነገር ቢማር አገር ይጠቅማል፦ ክንዱ በእርሱም እጅ እምቢ ካለ አይጎትት፤ ይላክ።

የጤና ባለሙያው ማለት ያለበት ነገርም አጭር ነው። «እማማ፣ ብርድ አይደለም። የትከሻዎ ከረጢት ተቆጥቶ ጠቧል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይሻላል። አሁን ስኳርዎን እንለካለን፤ ሕመሙን እናስታግሳለን፤ ከዚያ እንቅስቃሴውን አሳይዎታለሁ።» ይህን ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሰምታው የወጣች ሴት ክንዷ በዚያው ቀን አይነሳም፤ ሌሊቱም ወዲያው አይቀልም። ግን ምን እንደያዛት ታውቃለች፤ መቼ ሊለቃት እንደሚችል ታውቃለች፤ ስኳር ካለባትም ዓይኗና ኩላሊቷ ሳይጎዱ ታውቃለች።

ያቺ እናት ነገ ጠዋት ነጠላዋን ልታጣፋ ትነሳለች። ክንዷ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ቀና ብሎ ይነሳና ክንዷን ይይዝ እንደሆነ፣ ወይስ «ብርድ ነው» ብሎ ቀጣዩን ይጠራ እንደሆነ፣ የሚወስነው የአገር ድህነት አይደለም። ያንን ለማድረግ ወንበር ገፍቶ መነሳት ይበቃል።